ቴክኖሎጂ ማኔጅመንት ማስተርስ ልትጀምሩ ነው? እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ደሴ ላይ ቡና ልጠጣ ብላችሁ ብትቀመጡ፣ ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ከፋብሪካ የወጣ ልጅ ብታገኙ፣ ወሬው ዞሮ ዞሮ ማስተርስ ላይ ነው። ደስ ይላል። ቴክኖሎጂ ማኔጅመንት ልማር ወይ ብለው የሚጠይቁኝም አሉ። መልሴ ሁሌም ያው ነው፦ ከሥራ ቦታችሁ የወጣ አንድ ጥያቄ ካላችሁ ተማሩ። ከሌላችሁ መጀመሪያ ጥያቄውን ፈልጉ። አለበለዚያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ጃፓንና ስለ ኮሪያ ፋብሪካ ስታነቡ ከርማችሁ፣ በራችሁ ላይ ያለውን ሳታዩት ትመረቃላችሁ።

ምን እንደሚማሩ ሳያውቁ መመዝገብ

ኮምፒውተር የሚማርበት መስሎት የሚገባ አለ። ትንሽ ዘመናዊ የሆነ ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ነው ብሎ የሚገባም አለ። ሁለቱም መሃል ላይ ይደነግጣሉ። እዚህ ኮድ አይጻፍም፣ ማርኬቲንግም ዋናው ነገር አይደለም። የምትማሩት አንድ ድርጅት የትኛውን ቴክኖሎጂ፣ መቼ፣ ከማን፣ በምን ዓይነት ውል እንደሚያመጣ፣ ካመጣውም በኋላ እንዴት የራሱ እንደሚያደርገው ነው። የቴክኖሎጂ ሽግግር አለ፣ የምርምርና ልማት አመራር አለ፣ የፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ጉዳይ አለ፣ የአዋጭነት ስሌት አለ። ለምሳሌ ናሳ የጀመረውን፣ አንድ ቴክኖሎጂ ከሐሳብ ተነስቶ ሥራ ላይ እስኪውል ያለውን መንገድ ከ1 እስከ 9 የሚያስቀምጠውን የዝግጁነት መለኪያ ታገኛላችሁ። ልትማሩበት ያሰባችሁበት ቦታ ሄዳችሁ የኮርስ ዝርዝሩን ጠይቁ። ሁለት ያለፉ ቴሲሶች (የመመረቂያ ጥናቶች) አገላብጡ። ይህን የሚያህል ነገር ግማሽ ቀን አይፈጅም።

ሥራ ስለጠፋ ብቻ መጀመር

ይህን ስል የሚከፋው ሰው እንዳለ አውቃለሁ፣ ሥራ መጥፋቱ የልጆቹ ጥፋት አይደለምና። ግን ይህ ትምህርት ሥራ ያየ ሰው ይፈልጋል። ማሽን ሲበላሽ ማን ለማን እንደሚደውል፣ ግዢ ክፍል ለምን ወራት እንደሚፈጅ፣ አዲስ ሲስተም ሲመጣ ሠራተኛው ለምን ፊቱን እንደሚያዞር ያላየ ሰው ክፍል ውስጥ የሚነገረው ሁሉ ተረት ይሆንበታል። የግድ ትልቅ ፋብሪካ አይደለም። ሆስፒታል ሊሆን ይችላል፣ ባንክ፣ የውሃ ጽሕፈት ቤት፣ የብረታ ብረት ወርክሾፕ። አንድ ሁለት ዓመት ሥሩና ግቡ። ያኔ መምህሩን የምትጠይቁት ጥያቄ ራሱ ይለወጣል።

ወረቀት ላይ መዘናጋት

እዚህ ላይ አጭር ልሁን። ጋት የሚባለውን አገር አቀፍ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና በዋዜማው አትዘጋጁለት፤ ከትምህርት ቤት የራቀ ሰው ሒሳቡና የማመዛዘን ጥያቄው ጊዜ ይወስድበታል። ኮስት ሼሪንግ ያልከፈላችሁ ከሆነ ኦሪጅናል ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማውጣት ትቸገራላችሁ፣ ስለዚህ ምዝገባ ሳይከፈት ጨርሱት።

ሌላው ዕውቅና ነው። በግል ኮሌጅ ለመማር ካሰባችሁ፣ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሰጠው በፕሮግራምና በካምፓስ እየለየ መሆኑን አትርሱ። አዲስ አበባ ያለው ዕውቅና ደሴ ያለውን ቅርንጫፍ አያድነውም። በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ያለው ዕውቅናም ማስተርሱን አይሸፍንም። ፒያሳ ላይ የተሰቀለ ባነር ማስረጃ አይደለም። የዕውቅናውን ደብዳቤ አሳዩኝ በሉ፣ ቀኑንም እዩ። ማሳየት የሚያቅማማ ኮሌጅ ካጋጠማችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።

የሰው ሃብት ክፍሉን ሳይጠይቁ መጀመር

በተለይ የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ፣ ይህን በደንብ ስሙኝ። ዲግሪው በእጃችሁ ከገባ በኋላ «ለመደቡ የሚፈለገው ተዛማጅ የትምህርት ዝግጅት አይደለም» መባል በጣም ያማል። እድገትም ምደባም የሚታየው በዚህ ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት የምትፈልጉትን መደብ ተፈላጊ ችሎታ አስነብቡ፣ የትምህርት መስኩ ተቀባይነት እንዳለውም በጽሑፍ ብታገኙ ጥሩ ነው። መሥሪያ ቤቱ ከፍሎላችሁ የምትማሩ ከሆነ ደግሞ የግዴታ ውሉን ሳታነቡ አትፈርሙ። ስንት ዓመት ማገልገል እንዳለባችሁ፣ ብታቋርጡ ምን እንደምትከፍሉ እዚያ ላይ ተጽፏል።

ጊዜን በወረቀት ላይ ብቻ ማስላት

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ምን አላት ይባላል። ክረምት ላይ መንገዱ ላይ ያለው የሐረጎ ተራራ ጉም ሲለብስ፣ ትራንስፖርት ሲጠፋ፣ ከሌሊት ሺፍት የወጣ ሰው ቅዳሜ ጠዋት ክፍል ሲገባ፣ ያኔ ነው የሚታወቀው። ሺፍት የምትገቡ ከሆነ አለቃችሁንና የሥራ ባልደረቦቻችሁን ከመጀመሪያው አነጋግሩ። ሺፍት የሚቀያየር ጓደኛ የሌለው ሰው ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ሲያቋርጥ አይቻለሁ። ቤት ውስጥም እንዲሁ፤ ቅዳሜና እሁድ እንደማትገኙ ቤተሰብ አስቀድሞ ይወቀው፣ ለቅሶና ሰርግ ደግሞ ይህን አያውቅም።

የቴሲስ ርዕስ ከሌላ ሰው መቅዳት

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። እዚህ ላይ ብዙ እላለሁ።

ኮርሱ ያልቅና ሰው ሁሉ ርዕስ ፍለጋ ይሯሯጣል። ከዚያ «የእንትን ተጽዕኖ በእንትን ላይ፣ የእንትን ድርጅት ሁኔታ» የሚል ርዕስ ይመጣል። መጠይቅ ይበተናል፣ «በጣም እስማማለሁ» እና «አልስማማም» የሚሉ አምስት ምርጫዎች አሉበት፣ ሠራተኛው ቆሞ ምልክት እያደረገ ይመልሳል፣ ቁጥሩ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታትስቲክስ ሶፍትዌር ውስጥ ይገባል፣ ውጤቱ «ሥልጠና መሰጠት አለበት» ይሆናል። መጠይቅ መጥፎ ነው አላልኩም። ግን ይህን ለማወቅ ሁለት ዓመት መማር አያስፈልግም ነበር።

አሁን አንድ የሽመና ክፍል ግቡ። ጫጫታው ጆሮ ያደነቁራል። ከመሃል አንዱ ማሽን ቆሟል፣ የኤሌክትሮኒክስ ካርዱ ተቃጥሏል። ቴክኒሺያኑ ከማዶ ከቆመው ሌላ ማሽን ካርድ ነቅሎ እያመጣ ነው። ማኑዋሉ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ግን በቻይንኛ ነው የተጻፈው። መለዋወጫው በዶላር ይመጣል፣ ብር ሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የድሮው በጀት አይደርስበትም። ያንን ማሽን በደንብ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ጡረታው ደርሷል። ያወቀውን የጻፈለት የለም።

እዚህች አንዲት ማሽን ላይ ስንት ቴሲስ አለ! የግዢ ውሉ ሥልጠናና ማኑዋል ያካትት ነበር ወይ? መለዋወጫውን እዚሁ ማሠራት ይቻላል ወይ፣ የኮምቦልቻ ወርክሾፖች አቅምስ እስከ ምን ድረስ ነው? የሽማግሌው ቴክኒሺያን እውቀት ለወጣቶቹ የሚተላለፈው እንዴት ነው? ኮኸንና ሌቪንታል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ያስረዱት ነገር አለ፦ አንድ ድርጅት ከውጭ የመጣን እውቀት መጠቀም የሚችለው አስቀድሞ በውስጡ ባለው እውቀት ልክ ነው። ክፍል ውስጥ ስትሰሙት ደረቅ ነው። ያቺ ማሽን አጠገብ ስትቆሙ ግን ቁልጭ ይላል።

አካባቢያችን እንዲህ ያለ ጥያቄ የሞላበት ነው። በ2014ቱ ጦርነት ኮምቦልቻ ያሉ ፋብሪካዎች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም አልተረፈም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ፋብሪካ ያንኑ ማሽን ልጠግን ወይስ አዲስ ልግዛ ብሎ መወሰን ነበረበት። በምን መረጃ ወሰኑ? ይህ ካልተጻፈ ይረሳል። በ2009 የተመረቀውን የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውሰዱ፤ አገራችን በ2014 ከአጎዋ፣ ማለትም ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ለመላክ ከሚያስችለው ዕድል፣ ስትወጣ የአሜሪካ ገበያን አስበው የገቡ አምራቾች ምን አደረጉ፣ ሠራተኛው ይዞት የቀረው ሙያስ ምንድን ነው? ይህን ከእኛ የቀረበ ማን ይጠይቀው?

መረጃ ይሰጡኛል ብሎ ማሰብ

ፕሮፖዛሉ ከጸደቀ በኋላ የትብብር ደብዳቤ ይዞ ጥበቃው ጋ መሄድ፣ «ነገ ተመለስ» መባል፣ ነገም ያው። የፋብሪካ ሰው የሚሰጋው ለኪሱ ነው፣ መረጃው ተወዳዳሪ እጅ እንዳይገባ። ፕሮፖዛል ከመጻፋችሁ በፊት የጥገና ክፍሉን ወይም የምርት ክፍሉን ኃላፊ አግኙት። የምትፈልጉት ማሽኖቹ መቼና ለምን እንደቆሙ የሚያሳየውን መዝገብ እንጂ የሽያጭ ሒሳቡን እንዳልሆነ ንገሩት። የድርጅቱን ስም እንደማትጠቅሱም ቃል ግቡለት። እሺ ካለ ርዕሱን ያዙ፣ እንቢ ካለ ጊዜ ሳይመሽ ሌላ ፈልጉ።

ቴሲስ ማስጻፍ

የፎቶ ኮፒ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ስልክ አትደውሉ። ሐቀኝነቱ አንድ ነገር ነው። ሌላው፣ ዲፌንስ ላይ «ይህን ናሙና እንዴት መረጥክ?» ሲባል የሚመልሰው እናንተው ናችሁ፣ ጻፊው እዚያ የለም። እንግሊዝኛ ያስቸገራችሁ ከሆነ አርትዖት አሠሩ፣ ስታትስቲክሱ ካስቸገራችሁ የሚያስተምራችሁን ሰው ፈልጉ። ሐሳቡ ግን የእናንተው ይሁን።

ተመርቆ ሥራውን መደርደሪያ ላይ መተው

ብዙ ጥሩ ሥራ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አቧራ ይጠጣል። የጥገና ኃላፊው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወፍራም ጥራዝ የሚያነብበት ጊዜ የለውም። ያገኛችሁትን በአማርኛ ሦስት ገጽ አድርጋችሁ ጻፉለት። ቢሮው ሄዳችሁ አስረዱት፣ ቴክኒሺያኖቹንም ይጥራቸው። የተስማሙበትን ነገር በአንድ ማሽን ላይ እንዲሞክሩት ጠይቁ፣ ከሦስት ወር በኋላም ተመልሳችሁ መዝገቡን እዩ።