ለዘመድ ስታበድሩ ወረቀቱን እንዴት ትጽፋላችሁ?

የአክስት ልጅ ለባጃጅ ቅድመ ክፍያ 150,000 ብር ጎድሎታል እንበል። ሀዋሳ ውስጥ እንዲህ ያለው ብድር ብዙ ጊዜ ቡና ላይ ያልቃል። ሁለት ጎረቤቶች እያዩ ብሩ ይቆጠራል፤ "በዘመድ መሃል ምን ወረቀት ያስፈልጋል" ይባላል። ሳይመለስ ሲቀር አበዳሪው የሚተማመነው በእነዚያ ጎረቤቶች ነው።

ሕጉ ግን በእነሱ ቃል ብቻ አይፈርድለትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 ላይ፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ብቻ ነው ይላል። ያኔ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ለአስቤዛ የምንበደረው እንኳ ያልፈዋል፤ ቁጥሩ ግን እዚያው ነው። ምስክር የሚጠቅማችሁ ወረቀቱ ላይ ሲፈርም ነው።

ወረቀቱን ለመጻፍ ጠበቃ የግድ አይደለም።

1. የሁለታችሁንም ስም እስከ አያት፣ አድራሻና የመታወቂያ ቁጥር ጻፉ። የብሩን መጠን በአኃዝም በፊደልም አስፍሩ። "ገንዘቡን ዛሬ ተረክቤያለሁ" የሚለው የተበዳሪው ቃልና ቀኑ አይቅር። በባንክ ወይም በቴሌብር ከላካችሁ ምክንያቱ ላይ "ብድር" በሉ። አለዚያ "የድሮ ዕዳውን ነው የከፈለኝ" ቢላችሁስ?

2. የመመለሻውን ቀን ወስኑ። ቀን ካልተጻፈ ተበዳሪው እንዲከፍል ከተጠየቀ በኋላ አንድ ወር አለው።

3. ወለድ ከሌለ "ያለ ወለድ" በሉ። ካለ በዓመት ከ12 በመቶ አይብለጥ፤ በወር 1 በመቶ ማለት ነው። የሰው ችግር አይቶ ከዚያ በላይ መጠየቅ አራጣ ነው፣ በወንጀልም ያስጠይቃል። 100,000 ሰጥተው 130,000 የሚያስፈርሙ አሉ። ተበዳሪዎች፣ እዚህ ላይ ንቁ! የፈረማችሁበትን ቁጥር በኋላ በምስክር ማስተባበል በጣም ከባድ ነው።

4. ሁለታችሁና ለአካለ መጠን የደረሱ ሁለት ምስክሮች ፈርሙ። ባለትዳሮች ከሆናችሁ ባልም ሚስትም ቢፈርሙ ከኋላ ጣጣ ያድናል። ማንበብ የማይችል ሰው አሻራ ግን ብቻውን አያስገድደውም። ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት ሄዶ፣ በሥልጣኑ በሚያረጋግጥ ሰው ፊት መሆን አለበት። ይህን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ብዙዎች አሻራ አስነክተው ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ ቆልፈው ይተኛሉ።

5. ዋስ ካለ ዋስ የሆነበት ከፍተኛው የብር መጠን ይጻፍ፤ ያለ መጠን የተሰጠ ዋስትና ዋጋ የለውም። "በአንድነትና በነጠላ" የሚል ሐረግ ካለበት ደግሞ አበዳሪው ተበዳሪውን ትቶ በቀጥታ ዋሱ ላይ መሄድ ይችላል። ለይሉኝታ ብሎ ዋስ የሚሆን ሰው ይህችን ሐረግ ሳያይ ባይፈርም ደስ ይለኛል።

6. ሲከፈልም ጻፉ። የ500 ብሩ ደንብ ለአመላለሱም ይሠራል። ተበዳሪው በከፈለ ቁጥር ቀንና መጠን ያለው ደረሰኝ ይቀበል፤ ሲጨርስ ዋናውን ወረቀት ይውሰድ።

ካልተመለሰስ? መጀመሪያ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ግልባጩን አስቀሩ። ሽማግሌ ቢገባና አዲስ ቀን ቢቆረጥ እሱንም አስፈርሙ። ሽምግልናው ዓመታት ከፈጀ ይርጋውን፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብ፣ አስቡ፤ ገንዘቡ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ 10 ዓመት ነው። ጠበቃ ለማቆም አቅም ያጠረው የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነጻ የሕግ ድጋፍ ይጠይቅ። ስትሄዱ ዋናውን ውል፣ የባንኩን ደረሰኝና የጠየቃችሁበትን ደብዳቤ ያዙ።