አጭር ጠመንጃ፣ ትልቅ ጥይት፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ጠመንጃ የሚወድ ሰው ሁሉ ሰሞኑን አንድ ነገር ያምረዋል። አፈሙዙ አጭር፣ መኪና ውስጥ የማይጨናነቅ፣ ጥይቱ ግን ከተለመደው 5.56 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ። 300 ብላክአውት ወይም 308 በሚባሉት የጥይት ዓይነቶች ያሠሩታል፣ ወይም ራሳቸው ይሠሩታል። ከዚያ ተሸክመውት ሬንጅ፣ ማለትም ተኩስ መለማመጃ ቦታ፣ ይመጣሉ። እኔ ደግሞ እዚያ ተኩስ አስተባብራለሁ። አንዳንዱ ስህተት ያስቃል። አንዳንዱ ጣት ያሳጣል። አንዳንዱ ፍርድ ቤት ያቆማል። እዚህ ስለ መገጣጠሙ አልጽፍም፣ እሱን ለባለሙያ ተዉት። የምጽፈው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ስለሚበላሸው ነገር ነው።

ወረቀቱን ለኋላ ማቆየት

"መጀመሪያ ዕቃውን ልሰብስብ፣ ወረቀቱ ይደርሳል" የሚል ሰው አያልቅም። በፌዴራል ሕግ አፈሙዙ ከ16 ኢንች ያነሰ፣ ወይም ጠቅላላ ርዝመቱ ከ26 ኢንች ያነሰ ጠመንጃ በ1934 በወጣው የብሔራዊ የጦር መሣሪያ ሕግ ሥር ይወድቃል። ራሱ የሚሠራ ሰው ፎርም 1 የሚባለውን ሞልቶ፣ አሻራና ፎቶ አያይዞ ለኤቲኤፍ፣ ለፌዴራሉ የጦር መሣሪያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ይልካል። ፈቃዱ እስኪመጣ አይገጥምም። ለአንድ ደቂቃም ቢሆን፣ "እስቲ ምን እንደሚመስል ልየው" ብሎም ቢሆን አይገጥምም። ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት እስር ነው።

"ገና አልገጠምኩትም እኮ" ማለትም ሁልጊዜ አያድንም። ጠመንጃና አጭር አፈሙዝ አንድ ቤት ተቀምጠው፣ አፈሙዙ ሌላ ምንም ሕጋዊ ቦታ ከሌለው፣ እንደሠራችሁት ሊቆጠር ይችላል።

አሁን ደግሞ አዲስ ወሬ አለ። "ግብሩ ተነስቷል፣ ስለዚህ ነፃ ነው" ይላሉ። እውነት ነው፣ ከ1934 ጀምሮ ሳይነካ የኖረው የ200 ዶላር ግብር ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአጭር ጠመንጃና ለድምፅ ማፈኛ ዜሮ ሆኗል። የተነሳው ግን ግብሩ ብቻ ነው። ምዝገባው አለ። አሻራው አለ። መጠበቁ አለ። ጨርሶ የሚከለክሉ ስቴቶችም አሉ፣ ካሊፎርኒያና ኒው ጀርሲን የመሰሉ፣ እዚያ የፌዴራል ፎርም ይዞ መሟገት ዋጋ የለውም።

ልኬቱም ላይ ሰው ይሳሳታል። አፈሙዝ የሚለካው ከተዘጋው መዝጊያ ፊት እስከ ጫፉ ነው። ጫፉ ላይ በክር የተጠመዘዘ ዕቃ በቋሚነት ካልተበየደ አይቆጠርም። አንዱ "16 ነው፣ ለክቼዋለሁ" ብሎ ማለልኝ። ጫፉ ላይ ያለውን የብልጭታ መቀነሻ በእጁ ፈትቶ ሲያነሳው 14.5 ሆነ። ላቡን ጠርጎ ጠመንጃውን ሻንጣ ውስጥ ከተተ፣ እኔም ቶሎ ጠበቃ እንዲያነጋግር ነገርኩት።

ለእኛ ሰው ለብቻው የምለው አለ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ ጠመንጃ መያዝ ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ እንደ ሕጋዊ የአደን ፈቃድ ያሉ ጠባብ መውጫዎች ካልኖሩት በቀር፣ አይችልም። ደግሞም ዜጋ ያልሆነ ሰው በጦር መሣሪያ ጥፋት ከተፈረደበት ጉዳዩ እስር ላይ አያበቃም፣ ከአገር እስከ መባረር ይሄዳል። ዜግነቱን እየጠበቀ ያለ ወንድማችን አጭር አፈሙዝ በፖስታ ሲያስመጣ ሳይ ሆዴ ይላወሳል።

ጥይት መቀላቀል

እዚህ ላይ ቁጣዬን ታገሱኝ።

300 ብላክአውት የተሠራው ከ5.56 ጠመንጃ ጋር እንዲስማማ ነው። ብልሃቱም ይሄው ነው። አንድ ዓይነት ካዝና፣ አንድ ዓይነት መዝጊያ፣ የሚለየው አፈሙዙ ብቻ። ስለዚህ ሰው በጣም ይወደዋል። አደጋውም ከዚያው ይመጣል፣ ምክንያቱም ካዝናው የትኛው ጠመንጃ ውስጥ እንደገባ አያውቅም። የ300 ብላክአውት እርሳስ ውፍረቱ 7.8 ሚሊ ሜትር ነው። የ5.56 ደግሞ 5.7። "ታዲያ እንዴት ይገባል?" ትላላችሁ። ይገባል። ቀለሁ አጭር ነው፣ 35 ሚሊ ሜትር፣ የሌላው 45 ነው። ስለዚህ ወፍራሙ እርሳስ የረጅሙ ቀለህ አንገት በሚያርፍበት ክፍተት ውስጥ ይቀመጣል፣ ወደ ኋላ ተገፍቶም ቢሆን መዝጊያው ሊዘጋ ይችላል። ከዚያ ቃታ ይሳባል። 7.8 ሚሊ ሜትር የሆነ ነገር በ5.7 ቀዳዳ አያልፍም። ግፊቱ መውጫ ያጣና ጠመንጃውን ከፍቶ ይወጣል።

ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ። ሰውየው ሁለት ጠመንጃ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጧል። ካዝናዎቹ ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ምልክት የሌላቸው። ወሬ እያወራ እጁ ያገኘውን አነሳ። ጥይቱ አልገባ ሲለው መዝጊያውን በመዳፉ መትቶ ዘጋው። ፍንዳታው ከሌላው ተኩስ የተለየ ነበር፣ ደፈን ያለ፣ ከባድ። ካዝናው ከታች ተወርውሮ ሲሚንቶው ላይ ተበተነ። የጠመንጃው ጎን እንደ ቆርቆሮ ተቀዶ ወደ ውጭ ተገልብጧል። መነጽር አድርጎ ስለነበር ዓይኑ ተረፈ፣ እጁ ላይ ግን የተሰባበረ ብረት ተለቅሞለታል።

ይሄ ሰው ጀማሪ አልነበረም። ለዚያ ነው የምቆጣው። ጀማሪ ይፈራል፣ ያያል፣ ይጠይቃል። የለመደው ነው "እኔ አውቀዋለሁ" የሚለው። በማወቅ የሚፈታ ችግር አይደለም፣ በአቀማመጥ ነው የሚፈታው። የ300 ብላክአውት ካዝና ቀለሙ ሌላ ይሁን፣ ካልሆነ ደማቅ ፕላስተር ይጠቅለልበት። ጠረጴዛ ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ጥይት ብቻ ይኑር፣ ሌላው ጠመንጃ ከነጥይቱ መኪና ውስጥ ተቆልፎ ይቆይ። ኪስ ውስጥ የተበተነ ጥይት አይግባ። መዝጊያው አልዘጋ ካለ አይመታም። ይከፈታል፣ ጥይቱ ይወጣል፣ ቀለሁ ግርጌ ላይ የተጻፈው ይነበባል። አራት ነገር ነው። አራቱንም የማያደርግ ሰው ከጎኔ ባይቆም ደስ ይለኛል።

አጭር 308 እንደ ረጅሙ ይሠራል ብሎ ማሰብ

308 ዊንቸስተር በ1952 የመጣ ጥይት ነው፣ የተሠራውም ለረጅም አፈሙዝ ነው። ባሩዱ ብዙ ነው፣ ለመቃጠልም ርዝመት ይፈልጋል። ከ24 ኢንች አፈሙዝ የሚወጣ ባለ 175 ግሬን (ግሬን የክብደት መለኪያ ነው) እርሳስ በሰከንድ 2600 ጫማ ገደማ ይሄዳል። ከዚያ በታች በየኢንቹ ከ20 እስከ 30 ጫማ ያህል ይቀንሳል። ወደ 12 ኢንች ስታወርዱት በሰከንድ 300 ጫማ አካባቢ ታጣላችሁ። ያልተቃጠለው ባሩድ ደግሞ ዝም ብሎ አይጠፋም፣ ከአፈሙዙ ውጭ በብልጭታና በንፋስ ይቃጠላል። ቀን ላይ እንኳ እሳቱ ይታያል።

ለቅርብ አደን ይበቃል፣ አልክድም። ነገር ግን ብዙው ሰው የሚገዛው "308 ነው፣ ሩቅ ይመታል" ብሎ ነው። ሩቅ መምታት የሚሰጠውን ነገር እኮ ነው ቆርጣችሁ የጣላችሁት! ርቀታችሁ ቅርብ ከሆነ 300 ብላክአውት ባሩዱን በ9 ኢንች አፈሙዝ ውስጥ አቃጥሎ ሊጨርስ ተቃርቧል፣ የተነደፈውም ለዚያ ነው። የግድ 308 ካላችሁ ደግሞ 16 ኢንቹን ውሰዱ። ፎርምም አይፈልግም፣ ጎረቤትም አይረግማችሁም።

ክፍሎች ላይ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ኤአር-15 በሚባለው የተለመደ የ5.56 ጠመንጃ ላይ የለመዳችሁት "ከየትም ብገዛ ይገጥማል" የሚለው በ308 መጠን አይሠራም። አንድ ወጥ ልክ የለም። የላይኛውንና የታችኛውን አካል ከአንድ አምራች ግዙ።

ጆሮ

የጠመንጃ ተኩስ ድምፅ 160 ዴሲቤል ይደርሳል፣ ያልፋልም። እንደዚህ ላለ ቅጽበታዊ ድምፅ የሚሰጠው የደህንነት ገደብ 140 ነው። አጭር አፈሙዝ ደግሞ ያንን ድምፅ ወደ ፊታችሁ ያቀርበዋል። አንድ የጆሮ መሸፈኛ አይበቃም። ውስጥ የሚገባውንም ከላይ የሚደረገውንም አንድ ላይ አድርጉ፣ በተለይ ጣሪያ ያለው ሬንጅ ውስጥ። ድምፅ ማፈኛ አለኝ የሚሉም አይዘናጉ። ፊልም ላይ እንደምታዩት ሹክሹክታ አያደርገውም፣ ከ20 እስከ 35 ዴሲቤል ያህል ነው የሚቀንሰው። የጠመንጃውን የትከሻ ምት ለመቀነስ ንፋሱን ወደ ጎን የሚረጨውን ጫፍ የገጠማችሁ ደግሞ ከጎናችሁ ያለውን ሰው ተመልከቱት። ኮፍያው ሲነሳ ታያላችሁ።

ግራ እጅ

አፈሙዙ ሲያጥር የምትይዙበት ቦታም ያጥራል። ረጅም ጠመንጃ የለመደ እጅ ሳያስበው ወደ ፊት ይንሸራተታል። ፊት ለፊት ማገጃ አስገጥሙ። ይሄ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

አንድ ጊዜ አስተካክሎ መርሳት

300 ብላክአውት ሁለት ዓይነት ጥይት አለው። ቀላሉ፣ 110 ወይም 125 ግሬን፣ በሰከንድ ከ2200 ጫማ በላይ ይሮጣል። ከባዱ፣ ከ190 እስከ 220 ግሬን፣ ከድምፅ ፍጥነት በታች፣ 1000 ጫማ አካባቢ ይሄዳል። የጠመንጃቸውን ማነጣጠሪያ መነጽር በአንዱ አስተካክለው በሌላው የሚተኩሱ ሰዎች "ጠመንጃው ተበላሽቷል" ብለው ይመጡብኛል። ጠመንጃው ምንም አልሆነም። ከባዱን ጥይት በ100 ያርድ አስተካክላችሁ በ200 ብትተኩሱ ወደ 3 ጫማ ገደማ ወርዶ ታገኙታላችሁ። በሁለቱም ተኩሱ፣ ልዩነቱን ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ወረቀቱንም ሰደፉ ላይ ለጥፉት።

በቅርብ ደግሞ ተቃራኒው ግራ ያጋባል። መነጽሩ ከአፈሙዙ ከ2 ኢንች በላይ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ በጥቂት ያርድ ርቀት ጥይቱ ካነጣጠራችሁበት ዝቅ ብሎ ይመታል። ኢላማው ወረቀት ላይ ሲሆን ያስቃል። የወረቀቱን ማቆሚያ መትቶ ሲጥል ግን የሚከፍለው ተኳሹ ነው።

ጉዞና ወረቀት

የተመዘገበ አጭር ጠመንጃ ይዞ ከስቴት ወደ ስቴት ለመሻገር አስቀድሞ ፎርም 5320.20 ልኮ ፈቃድ መቀበል ያስፈልጋል። "ለአደን ሁለት ቀን ብቻ ነው" ብሎ ነገር የለም። የጸደቀውን ምዝገባ ደግሞ ዋናውን ቤት ቆልፋችሁ አስቀምጡ፣ ቅጂውን ስልካችሁ ላይና የጠመንጃው ቦርሳ ኪስ ውስጥ ያዙ። ሬንጅ ስትመጡ እኔ ባልጠይቃችሁ፣ መንገድ ላይ የሚያስቆማችሁ ፖሊስ ሊጠይቃችሁ ይችላል።