ዲፕፌክ ሲሠራብዎ አቤቱታዎን የሚያበላሹ ስህተቶች

«አቦ፣ ተወው! ለዚህ ደግሞ ምን ሕግ አለ?» ድሬዳዋ ላይ የዲፕፌክ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት ሰውን አስመስሎ የተሠራ ሐሰተኛ ቪዲዮ፣ ምስል ወይም ድምፅ) ወሬ ሲነሳ ከዚራ ሰፈርም መጋላም የምሰማው መልስ ይሄ ነው። ትልቁም ስህተት ይሄው ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 የወጣው ዲፕፌክ ሳይለመድ ነው። ቢሆንም አንቀጽ 13 ቪዲዮው በምን ተሠራ ብሎ አይጠይቅም። የሰውን ክብር ወይም መልካም ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍ፣ ድምፅ፣ ምስል ወይም ቪዲዮ ማሰራጨት እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 30,000 ብር መቀጮ፣ አለዚያም ሁለቱንም ያስከትላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ የሰውን ምስል ያለፈቃዱ አደባባይ ማውጣትን ይከለክላል።

«ፖሊስ ራሱ ይደርስበታል» ብሎ መቀመጥስ? የስም ማጉደፉ ጉዳይ የሚንቀሳቀሰው ተጎጂው ሲያመለክት ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ቀነ ገደቡን ነው። በወንጀል ሕጉ መሠረት በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ወንጀል ከሆነ፣ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቁበት ቀን ጀምሮ ያለዎት 3 ወር ነው። ሽማግሌ ሲመላለስ፣ ዛሬ ነገ ሲባል ያልፋል። እርቅ አይሞከር እያልኩ አይደለም። አቤቱታው ግን ይቅደም።

በድንጋጤ ቪዲዮውን ማጥፋትም አለ። አያጥፉት። ስክሪንሾት ብቻውንም አይበቃም፤ አካውንቱ ስሙን በደቂቃ ይቀይራል። ሊንኩን፣ ዩዘርኔሙን፣ ቀንና ሰዓቱን፣ ፋይሉንም ያስቀምጡ። «እዩ ምን እንዳደረጉኝ» ብለው ለዘመድ አዝማድ ግን አይላኩ። የአጥፊውን ሥራ እርስዎ ይጨርሱለታል።

አዋጅ ማምታታት ሌላው ነው። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ 1185/2012 ሁከት ወይም ግጭት ሊቀሰቅስ የሚችል ውሸትን ይመለከታል። የሃይማኖት አባት ድምፅ አስመስሎ ሕዝብ የሚያጋጭ ነገር መልቀቅ እዚህ ይገባል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተለቀቀ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ይደርሳል። የአንዲት ልጅ ፊት እርቃን ገላ ላይ ሲለጠፍ ግን የሚሻለው 958 ነው።

«ብር ላክ፣ አለዚያ እለቀዋለሁ» ለሚል አይክፈሉ። ዛቻው ራሱ ወንጀል ነው፤ መልእክቱን ያስቀምጡ። ከ18 ዓመት በላይ ከሆኑና ምስሉ የእርቃን ከሆነ ስቶፕ ኤንሲአይአይ (StopNCII) የሚባለውን፣ ምስሉ በማኅበራዊ ሚዲያ እንዳይሰራጭ የሚያግዝ ነፃ አገልግሎት ይሞክሩ። ምስሉ ከስልክዎ ሳይወጣ ዲጂታል አሻራው (ምስሉን የሚለይ ኮድ) ብቻ ለፌስቡክ፣ ለኢንስታግራምና ለቲክቶክ ይደርሳል።