ከገጠር መጥታችሁ 9ኛ ክፍል ስትገቡ፦ ስለ ምኑ ማን ጋ ይኬዳል?

ከመንዝ ወይም ከአንኮበር ገጠር መጥታችሁ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይታችሁ ለምትማሩ ነው።

መጀመሪያ ሪከርድ ክፍል፣ ማለትም የተማሪ ማህደር የሚያዝበት ቢሮ። የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት ዋናውንና 2 ኮፒ፣ ካርድና ጉርድ ፎቶ ያዙ። ስማችሁ በአማርኛም በእንግሊዝኛም እንዴት እንደተጻፈ ፊደል በፊደል አንብቡ። «ኃይሉ» በእንግሊዝኛ አንዱ ላይ በአንድ «ኤል»፣ ሌላው ላይ በሁለት ከተጻፈ ዛሬውኑ አስተካክሉ። 12ኛ ክፍል ለአገር አቀፍ ፈተና ስትመዘገቡ ያው ስም ነው የሚተላለፈው፤ ያኔ ማስተካከል ምልልሱ ያደክማል። የአያት ስም እንዳይዘለልም እዩ።

ከዚያ ሆም ሩም፣ ማለትም የክፍላችሁ ኃላፊ መምህር። ቀሪ የሚይዝባችሁ እሱ ነው፣ ችግሩም ሰኞ ላይ ነው። ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጣ የሄደ ልጅ ሰኞ ጠዋት መኪና ያጣል፤ ማክሰኞ ምንም ሳይናገር ክፍል ይገባል። ይህ 3 ጊዜ ሲደጋገም «ወላጅ አምጣ» ይመጣል፣ አባት ደግሞ አጨዳ ላይ ናቸው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት የሆም ሩማችሁን ስልክ ያዙ፣ መኪና ያጣችሁ ለታ ጠዋቱኑ ደውሉ። ከተማ ያለ ዘመድም ካለ በተጠሪነት አስመዝግቡ።

ጠብ፣ ማርፈድና ዩኒፎርም የዩኒት ሊደር፣ ማለትም የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት የሚከታተለው መምህር ጉዳይ ነው።

10ኛ ክፍል ስታገባድዱ፣ ለ11ኛ ክፍል ናቹራል (የተፈጥሮ ሳይንስ) ወይስ ሶሻል (የማኅበራዊ ሳይንስ) ከማለታችሁ በፊት፣ የምክር አገልግሎት መምህር ካለ የሁለት ዓመት ካርዳችሁን ይዛችሁ ግቡ። ከሒሳብ ለመሸሽ ሶሻል የሚመርጥ ሞልቷል፤ ሒሳብ ግን ሶሻልም ውስጥ አለ፣ እስከ 12ኛው ፈተና ድረስ።