ክረምት ሲገባ የሶላር ባትሪ የሚገድሉ ስህተቶች

ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። «ባትሪው አልይዝ አለኝ፤ ሌላ ልጨምርበት?» እባካችሁ አትጨምሩ። ቢያንስ ይህን ሳታነቡ አትግዙ። ከሁሉም ስህተት በላይ የሚያንገበግበኝ ይሄ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

ባትሪ ኃይል አያመነጭም። የተሰጠውን ያስቀምጣል፣ በቃ። በክረምት የሚጎድለው ደግሞ ማስቀመጫ አይደለም፤ የሚቀመጠው ነው። ፓነሉ ጀርባ ላይ የተጻፈው ዋት በላቦራቶሪ የተለካ ነው። በካሬ ሜትር 1000 ዋት ብርሃን እያረፈበት፣ የሴሉ ሙቀት 25 ዲግሪ ሆኖ። ደመናው ሲከብድ ያው ፓነል ከዚያ አቅሙ ከ10 እስከ 25 በመቶ ያህል ቢሰጥ ነው።

በቁጥር እንየው። በጠራ ቀን 2000 ዋት ሰዓት የሚያስገባ ሲስተም አላችሁ እንበል። ቤቱ በቀን 1500 ይጠቀማል። በጋውን ሙሉ ተመችቷችሁ ከረማችሁ። ከዚያ ቀኑ ይጨልምና የሚገባው 400 ይሆናል። ቤቱ ግን አሁንም 1500 ይፈልጋል። በየቀኑ 1100 ዋት ሰዓት ይጎድላል ማለት ነው። አዲስ የገዛችሁት ባትሪ ሞልቶ ቢመጣላችሁ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ያሻግራችኋል። በሦስተኛው ቀን አዲሱም አሮጌውም ባዶ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ገንዘብ ባከነ ብለን እናልፈው ነበር። ግን ባትሪዎቹም ይሞታሉ። የሊድ አሲድ ባትሪ (እንደ መኪና ባትሪ በሊድ ሰሌዳና በአሲድ የሚሠራው) ከተጠቀማችሁበት በኋላ ሰሌዳዎቹ ላይ ሊድ ሰልፌት ይፈጠራል። ጄል የሚባለውም፣ ኤጂኤም የሚባለውም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ቶሎ ከተሞላ ሰልፌቱ ይመለሳል። ባትሪው ለሳምንታት ግማሽ ሆኖ ከቆየ ግን ይጠጥራል፤ ከጠጠረ በኋላ ቻርጅ ብታደርጉትም እሺ አይልም። እንግዲህ ያቺኑ ትንሽ ብርሃን ለሁለት ባትሪ ስትሰጧት፣ ፀሐይ ብቅ ባለች ቀን ሙሉ ለሙሉ የመሙላት ዕድል አላቸው። ለአራት ስታካፍሏት ግን አንዱም አይሞላ። ክረምቱን በሙሉ አራቱም ተርበው ይከርማሉ።

አንድ ደንበኛ ልክ እንዲህ አድርጎ ጠራኝ። ሁለት አዲስ ባትሪ ገዝቶ ከሁለት አሮጌ ጋር በትይዩ፣ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ ኔጌቲቩን ከኔጌቲቭ፣ አስሯል። ደመናው ሲገፈፍ አዲሶቹም ከአሮጌዎቹ እኩል ደክመው አገኘኋቸው። ሰውዬው ሻጩ አታሎኛል ብሎ አምርሮ ነበር። ሻጩ አላታለለውም። ጤነኛ ባትሪ ነበር የሸጠለት። የገደለው ረሃብ ነው፤ በዚያ ላይ ከደከመ ባትሪ ጋር መታሰሩ። አሮጌና አዲስ አንድ ላይ ሲታሰር ጥሩው የደካማውን ሸክም ይሸከማል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ወይ ፓነል ጨምሩ፣ ወይ ፍጆታ ቀንሱ። ሲስተሙን ስታቅዱም በዓመቱ አማካይ ሳይሆን ብርሃን በሚያንስበት ወር አስሉት። በበጋ ቢተርፋችሁ ምንም አትሆኑም። ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው ዕቃ ኮንትሮለር ይባላል፤ ጥሩ ኤምፒፒቲ (ከፓነሉ የሚቻለውን ያህል ኃይል የሚያወጣ ዓይነት) ኮንትሮለር ከአቅሙ በላይ ዋት ቢታሰርበት ራሱን ይገድባል። በምን ያህል ሊበልጥ እንደሚችል መመሪያው ላይ ተጽፏል። በቮልቴጅ ግን ማለፍ ክልክል ነው፤ እሱን ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

ፍጆታ ቀንሱ ስላችሁ መብራት ማጥፋት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሁሉም የሚረሳው ትልቅ በላተኛ ራሱ ኢንቨርተሩ፣ የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይረው ዕቃ፣ ነው። ምንም ሳይሰካበት፣ ስለበራ ብቻ ይበላል። ትልልቆቹ ባዶ ቁጭ ብለው 40 ዋት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳሉ። 40 ዋት በ24 ሰዓት 960 ዋት ሰዓት ነው። አንድ ባለ 12 ቮልት 200 አምፔር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ በጠቅላላ 2400 ይይዛል። ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች አታወርዱትም ካልን በእጃችሁ ያለው 1200 ነው። ስለዚህ ኢንቨርተሩ አንድ መብራት እንኳ ሳያበራ አብዛኛውን ጨረሰው ማለት ነው። ለራውተርና ለሦስት አምፖል ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ ማየት ያሳዝነኛል። መብራቱን በቀጥታ ከ12 ቮልት መስመር አብሩት። ብዙ ራውተሮችም በ12 ቮልት ይሠራሉ፤ አስማሚው ላይ የተጻፈውን እዩ። መሃል ላይ ቮልቴጅ የሚያስተካክል ትንሽ ዕቃ ካደረጋችሁለት ኢንቨርተር አያስፈልገውም። ካልሆነ ለሌሊት የሚሆን ትንሽ ኢንቨርተር ለብቻ ይኑራችሁ።

ሙቀት የሚሰጥ ነገር ሁሉ፣ ምድጃውም፣ ካውያውም፣ የውሃ ማሞቂያውም፣ በክረምት ከባትሪ አይሠራም። እዚህ ላይ ብዙ አልልም።

አሁን ወደ ቮልቴጅ ንባብ እንምጣ። ጀማሪዎች እዚህ ላይ ሲደናገሩ አልፈርድባቸውም፤ ነገሩ በእርግጥ ያሳስታል። ቀን ላይ ስክሪኑ 13.5 ያሳያል፤ «ሞልቷል» ይላሉ። በዚህ ብቻ ግን መሙላቱ አይታወቅም። የምታዩት የሚሞላበትን ቮልቴጅ እንጂ የባትሪውን መጠን አይደለም። የሊድ አሲድ ባትሪ የሚለካው ሳይሞላም ሳይሠራም ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ ነው። ያኔ ባለ 12 ቮልቱ 12.7 አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 አካባቢ ከሆነ ወደ ግማሽ ወርዷል፤ ከ12 በታች ካያችሁ ዛሬውኑ ሙሉት። የሊትየም ባትሪ ደግሞ ከዚህ ይለያል። ሊትየም አይረን ፎስፌት ከሙሉው ትንሽ ወረድ ካለበት ጀምሮ ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ ቮልቴጁ ብዙም አይነቃነቅም። በቮልት ልገምት ካላችሁ ድንገት ጨለማ ይውጣችኋል። የሚገባውንና የሚወጣውን አምፔር የሚቆጥር ሻንት ያለው ሜትር አስገቡለት። እሱም አልፎ አልፎ ባትሪው ሙሉ ካልሆነለት ቆጠራው እየተዛባ ይሄዳል። ስለዚህ በደመናው ወራት የሚያሳየውን ፐርሰንት ሙሉ በሙሉ አትመኑት።

በዚሁ አጋጣሚ ኢንቨርተራችሁ በስንት ቮልት እንደሚያጠፋ ተመልከቱ። ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ 10.5 አካባቢ ላይ ተስተካክለው ነው። የሊድ አሲድ ባትሪ እዚያ ከደረሰ አልቆለታል። ማስተካከል የሚቻል ከሆነ ወደ 11.8 ወይም 12 ከፍ አድርጉት። መብራቱ ቀድሞ ይጠፋባችኋል፤ ባትሪው ግን ይኖራል።

ብርድ ያለበት ቦታ የምትኖሩ ይህን ልብ ብላችሁ አንብቡልኝ። ብርድ ፓነልን አይጎዳም፤ እንዲያውም ቮልቴጁ ይጨምራል። ጣጣውም እሱ ነው። ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ በታች በአንድ ዲግሪ በወረደ ቁጥር ቮልቴጁ በ0.3 በመቶ ያህል ከፍ ይላል። ምንም ሳይጫንበት 49 ቮልት የሚሰጥ ፓነል ሦስት በተከታታይ ብታስሩ ቮልቴጃቸው ተደምሮ 147 ቮልት ነው። ኮንትሮለሩ እስከ 150 ይችላል፤ በወረቀት ላይ አማን ነው። በ5 ዲግሪ ብርድ ፀሐይዋ ፏ ብላ በወጣችበት ማለዳ ግን 156 ይደርሳል። ኮንትሮለሩ ሊቃጠል ይችላል። ዋስትናውም ይህን አይሸፍንም። ፓነል በተከታታይ ከማሰራችሁ በፊት በአካባቢያችሁ ሊደርስ የሚችለውን ዝቅተኛ ሙቀት ይዛችሁ አስሉ።

ሊትየም ባትሪን ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ ማድረግ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም። ውስጡ ሊትየሙ በብረትነት ይለጠፋል፤ ጉዳቱ አይመለስም። ጥሩ ቢኤምኤስ (ባትሪው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያና መከላከያ) ራሱ ይዘጋል፤ ርካሹ ግን ይህ መከላከያ ላይኖረው ይችላል። ስትገዙ ጠይቁ። መጠቀም ግን ከ0 በታችም ይቻላል፤ ችግሩ መሙላት ላይ ነው።

ሊድ አሲዱ በተቃራኒው በብርድ ጊዜ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ለባለ 12 ቮልቱ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.02 እስከ 0.03 ቮልት ያህል ይጨመርለታል። በ25 ዲግሪ 14.4 ይበቃው የነበረ በ5 ዲግሪ ወደ 14.9 ይጠጋል። ኮንትሮለሩ ጋር የመጣችው የሙቀት መለኪያ ሽቦ ለዚህ ናት። ግድግዳ ላይ ተንጠልጥላ አገኛታለሁ። ባትሪው ጎን ላይ ለጥፏት።

ባትሪውን ከብርድ ለማዳን ብላችሁ መኝታ ቤት የምታስገቡም አላችሁ። ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጂን ጋዝ ያወጣል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከተጠራቀመ በትንሽ ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል። አደራ፣ ልጆች በሚተኙበት ክፍል አታስቀምጡት።

ፓነሉን ለክረምት ቀና አድርገን እናቁመው የሚል ምክርም በሰፊው ይዞራል። ቀኑ ጥርት ብሎ ፀሐይዋ ዝቅ የምትልበት አገር ከሆነ ትክክል ነው፤ ቀና ማድረጉ ይጠቅማል። ሰማዩ በደመና በሚሸፈንበት ግን ብርሃኑ የሚመጣው ከአንድ አቅጣጫ ሳይሆን ከመላው ሰማይ ነው። ፓነሉን ባቆማችሁት ቁጥር የሚያየው ሰማይ ያንሳል። ስለዚህ ደመና ለሚበዛበት አካባቢ ተንሸራታች ብረት አስበይዳችሁ አትድከሙ። ዝናቡ አቧራውን ይዞት እንዲወርድ 10 ዲግሪ ያህል ዘንበል ካለ ይበቃል።

ጥላውን ግን አትናቁት። በበጋ ፓነሉን ነክቶት የማያውቅ ቅርንጫፍ በዝናብ አድጎ ይመጣል። አንዲት ጥግ ስትጠላ የሚቀንሰው የዚያች ጥግ ድርሻ ብቻ አይደለም፤ በተከታታይ የታሰረው መስመር በሙሉ ሊወርድ ይችላል። ቁረጡት። ጣሪያው እርጥብ ሳለ ግን አትውጡ።

ውሃ ለሚጨመርበት ባትሪ የዝናብ ውሃ አይሆንም፤ የተጣራ ውሃ ብቻ ነው። የሚጨመረውም ከሞላ በኋላ ነው፤ ሰሌዳው ተገልጦ ከታየ ብቻ እስኪሸፈን ድረስ ቀድማችሁ ጨምሩ። መብረቅ በሚበዛበት ወቅት የፓነሉ ብረት በትክክል ከመሬት ጋር መገናኘቱን ኤሌክትሪሻን ይይላችሁ።

የመጨረሻው ስለ ጀነሬተር ነው። አብዛኛው ሰው ባትሪው ሲያልቅበት ማታ ያስነሳዋል። የሊድ አሲድ ባትሪ የመጨረሻዎቹን 20 በመቶ የሚሞላው በትንሽ አምፔር፣ ለሰዓታት ነው። ማታ ያስነሳችሁት ጀነሬተር እዚያ ሲደርስ ለጥቂት አምፔር ብሎ ነዳጅ ይፈጃል። ሲሰለቻችሁ ታጠፉታላችሁ፣ ባትሪው ደግሞ ሳይሞላ ያድራል። ጠዋት አስነሱት። ባትሪው ባዶ ስለሆነ ብዙ አምፔር ይቀበላል፤ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ አጥፉትና የቀረውን ለፓነሉ ተዉለት። ደመና ቢሆንም ያቺ ትንሽ አምፔር ለማሟያው ትጠቅማለች። የከተማ መብራት የሚመጣ የሚሄድባችሁም እንዲሁ አድርጉ፤ መብራቱ ካለ ግን ሙሉ እስኪሆን ድረስ አትንቀሉት።