በቤት የተሠራ የጋራዥ ክሬን፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

እዚህ የምናየው ሞተርና ካምቢዮ ለማንሳት ከቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ጎን ብረት) ተበይዶ የሚሠራውን፣ በሃይድሮሊክ ክሪክ የሚነሳውን ባለ ጎማ ክሬን ነው። ስሌቱ የተሠራው በዚህ መጠን ነው፦ ክንዱ 80 በ80 ሚሜ ቱቦላሬ፣ ውፍረቱ 5 ሚሜ፣ ከኋላው ፒን (ክንዱ ከቋሚው ጋር ተያይዞ ከሚታጠፍበት) እስከ መንጠቆው 1.5 ሜትር። ክሪኩ ክንዱን የሚገፋው ከኋላው ፒን 50 ሴ.ሜ ርቆ ነው። ከፍተኛው ጭነት 300 ኪሎ ነው። የእርስዎ ክሬን ልኩ ሌላ ከሆነ እንደገና ማስላት አለብዎት።

ከሚከተሉት ምልክቶች አንዱ ሲታይ ጭነቱ መጀመሪያ መሬት ይውረድ፤ ምርመራው ከዚያ በኋላ ነው።

ክሪኩ አልገፋ ይላል፣ ወይም መሃል ላይ ይደነድናል

300 ኪሎ መንጠቆው ላይ ሲንጠለጠል ክሪኩ ላይ የሚያርፈው ሦስት እጥፉ፣ ማለትም 900 ኪሎ ነው። ክሪኩ ከክንዱ ጋር 45 ዲግሪ ሠርቶ ሲገፋ ደግሞ ወደ 1,270 ኪሎ ይደርሳል። የኋላው ፒን በበኩሉ 600 ኪሎ ወደ ላይ ይጎተታል። ስለዚህ ባለ 2 ቶን ክሪክ ብዙ ትርፍ አቅም የለውም፤ ባለ 3 ቶን ይሻላል።

ክሪኩ በድንገት ደንድኖ ብረቱ ሲንጫጫ ግን ፓምፑን አይምቱ። አብዛኛውን ጊዜ ያልተፈታ ብሎን፣ ሞተሩ የሚቀመጥበት ጎማ ወይም የሽቦ መስመር ዕቃውን ይዞታል። በዚህ ጊዜ ትልቅ ክሪክ መግጠም ትልቁ ስህተት ነው። ባለ 8 ቶን ክሪክ ያለ ምንም ችግር ክንዱን ይሰብረዋል፤ የራሱ መከላከያ ቫልቭ የሚጠብቀው ክሪኩን እንጂ የእርስዎን ብየዳ አይደለም።

እስከ ግማሽ ወጥቶ የሚቆም ከሆነ ዘይት ጎድሎታል። ክሪኩን ቀጥ አድርገው ያቁሙት፣ ዘንጉን ሙሉ በሙሉ ያስገቡ፣ ከዚያ የመሙያውን ቡሽ ይክፈቱ። ዘይቱ እስከ ቀዳዳው የታችኛው ከንፈር መድረስ አለበት። የሃይድሮሊክ ዘይት ብቻ ይጠቀሙ፤ የፍሬን ዘይት ጎሚኒዎቹን (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግዱትን የጎማ ቀለበቶች) ያሳብጣቸዋል። ፓምፑ ልል ሆኖ ሳይገፋ ከቀረ ደግሞ አየር ገብቶበታል፦ የማውረጃውን ቫልቭ ከፍተው ከ10 እስከ 15 ጊዜ በፍጥነት ይጫኑና መልሰው ይዝጉ። አየሩ በየጊዜው የሚመለስ ከሆነ አገጣጠሙን ይመልከቱ። ክሪኩ ዘንበል ብሎ የሚሠራ ከሆነ የፓምፑ ጎን ወደ ታች መሆን አለበት፤ ወደ ላይ ከዞረ ከዘይት ይልቅ አየር ይስባል።

ካነሳ በኋላ ቀስ እያለ ይወርዳል

ዘንጉ ዙሪያ ዘይት ከታየ ጎሚኒው ተበልቷል፤ ዘንጉም ተጭሮ እንደሆነ ጥፍርዎን በላዩ አሳልፈው ይፈትሹ፣ የተጫረ ዘንግ አዲሱንም ጎሚኒ ይቆርጠዋል። ውጭው ደረቅ ከሆነ ችግሩ ቫልቩ ውስጥ ነው፤ አንዲት የቆሻሻ ቅንጣት የዘይቱን መንገድ የሚዘጋውን ኳስ በደንብ እንዳይቀመጥ ታደርገዋለች። ቫልቩን ሙሉ በሙሉ ከፍተው ፓምፑን ደጋግመው ይጫኑ፣ ይዝጉና እንደገና ይሞክሩ። ካልተስተካከለ ዘይቱ ተቀይሮ ኳሱና መቀመጫው ይጽዱ። ደህና ክሪክም ቢሆን ለብዙ ሰዓት ጭነት ይዞ እንዲያድር መተው የለበትም።

ክንዱ ይጎብጣል

በሙሉ ጭነት የክንዱ ጫፍ ከ5 እስከ 6 ሚሜ ዝቅ ቢል ብረት የሚያደርገው ነው፤ ሲራገፍ ይመለሳል። ጥያቄው መመለሱ ላይ ነው። ጭነቱን አውርደው ከክንዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ክር ይወጥሩ፤ በክሩና በብረቱ መሃል ክፍተት ከቀረ ክንዱ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል። የተጎበጠውን ደብድቦ ማቅናት አያዋጣም፣ ክንዱ ይቀየር።

ሁለት መንስኤዎች ይደጋገማሉ። አንደኛው ቀጭን ብረት ነው። ባለ 3 ሚሜ ቱቦላሬ ከውጭ ሲታይ ያው 80 በ80 ነው፣ ጥንካሬው ግን የባለ 5ቱን ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የተቆረጠውን ጫፍ በካሊፐር ይለኩ። ሁለተኛው ክሪኩ የሚገፋበት ቦታ ነው። የክሪኩ መያዣ በቀጥታ በቱቦላሬው ሆድ ላይ ከተበየደ ሆዱ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። መፍትሄው ከ8 ሚሜ ላሜራ ኮርቻ ሠርቶ ጎንና ጎኑን አቅፎ እንዲይዝ ማድረግና በርዝመቱ መበየድ ነው። የብሎን ቀዳዳ ካስፈለገም በጎኖቹ መሃል ይሁን፤ ከላይና ከታች ያለው ገጽ ዋናውን ኃይል የሚሸከመው ስለሆነ አይበሳ።

ብየዳው ላይ ቀጭን መስመር ወጣ

ቀለም ብቻ ከሆነ ይፋቃል፣ ስንጥቅ ከሆነ አይጠፋም። ለመለየት ቦታውን እስከ ብረቱ ያጽዱ፣ ነጭ ጋዝ ይቀቡና ጥቂት ቆይተው ይጥረጉ፤ ከዚያ የጠመኔ ዱቄት ይንዙበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ጋዝ ወጥቶ ጠመኔው ላይ ጥቁር መስመር ያሰምራል። በተለይ ከክሪኩ በላይ ያለውን የክንዱን የላይ ገጽ ይመርምሩ፤ ከፍተኛው መሳሳብ እዚያ ነው። ለዚህም እዚያ ቦታ ላይ ክንዱን አቋርጦ መበየድ አይገባም።

በስንጥቁ ላይ ደርቦ መበየድ ስንጥቁን ይሸፍነዋል እንጂ አይዘጋውም። ጋዙን በደንብ አጽድተው፣ መስመሩ እስኪጠፋ በግራይንደር ቆፍረው ያውጡትና እንደገና ይበይዱ። ቀለምና ዝገት ከመጋጠሚያው 2 ሴ.ሜ ያህል ይፋቅ፣ ለ5 ሚሜ ብረት ጠርዙ ይሸረፍ። 7018 የተባለው ዓይነት ባለ 3.2 ሚሜ ኤሌክትሮድ ከ110 እስከ 140 አምፔር ላይ በደንብ ያቀልጣል፣ ደረቅ መሆን ግን አለበት፤ እርጥበት የያዘ ኤሌክትሮድ ራሱ ስንጥቅ ይወልዳል። ጉብ ብሎ ጠርዙ ላይ ተነጥሎ የተቀመጠ ብየዳ ብረቱን አልያዘም፤ አምፔሩ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ብረት ከሆነ ዚንኩ ተፍቆ ይበየድ፣ ጭሱ ያሳምማል።

የኋላ ጎማዎች ከመሬት ይነሳሉ

መንጠቆው ከፊት ጎማዎች አልፏል። መንጠቆው በጣም የሚርቀው ክንዱ አግድም ሲሆን ስለሆነ በዚያ ቦታ ከመንጠቆው ቱንቢ (ጫፉ ላይ ክብደት ያለው ክር) ይጣሉ፤ ክሩ ከፊት ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ቢያንስ 15 ሴ.ሜ መውረድ አለበት። ካልሆነ እግሮቹን ያስረዝሙ ወይም ክንዱን ያሳጥሩ። ኋላ ላይ ብረት መከመር ወደ ጎን ከመገልበጥ አያድንም።

ጎማዎቹ ካልተንከባለሉ ትንሽ ናቸው፤ ቢያንስ 100 ሚሜ ይሁኑ። ወለል ሁልጊዜ ለጥ ያለ ስላልሆነ እያንዳንዱ የፊት ጎማ ብቻውን 300 ኪሎ እንዲችል አድርገው ይግዙ። ክሬኑ ሲገፋ ጭነቱ ከመሬት ጥቂት ሴ.ሜ ብቻ ከፍ ይበል።

ዕቃው ዘመም ይላል ወይም ሰንሰለቱ ይወጠራል

የክብደቱ ማዕከል ከመንጠቆው ስር አልሆነም፤ አውርደው ማሰሪያውን ያዛውሩ። ዕቃው በሁለት ሰንሰለት ከአንድ መንጠቆ ሲንጠለጠል፣ ሰንሰለቶቹ ከአግድሙ 60 ዲግሪ ከቆሙ እያንዳንዱ የጭነቱን 58 በመቶ ይይዛል፤ 30 ዲግሪ ላይ ሲተኙ ግን እያንዳንዱ ሙሉውን ጭነት ይሸከማል። ሰንሰለቱን ያስረዝሙ። ለማንሻ የተሠራና አቅሙ የተጻፈበት ይሁን፤ ብሎኖቹም ራሳቸው ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ደረጃ ምልክት ይኑራቸው።

ከጥገና በኋላ

ከ300 ኪሎው አንድ አራተኛ ጨምረው፣ 375 ኪሎ ያህል ይሞክሩ። ክብደቱን ለማወቅ ውሃ ይረዳል፤ 200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ ነው፣ የበርሜሉ ይጨመርበታል። ከመሬት 5 ሴ.ሜ ብቻ አንስተው 10 ደቂቃ ያቆዩ፣ ማንም አይጠጋ። ከዚያ አውርደው ክሩን እንደገና ይወጥሩ፣ ብየዳዎቹንም በጠመኔው ይፈትሹ።