ቅዳሴና ሱቅ ሲጋጩ

ካቶሊኮች ብንሆንም አባዬና እማዬ ቤተ ክርስቲያን የሚታዩት ለገና፣ ለፋሲካና ለለቅሶ ነው። እኔ 16 ዓመቴ ነው፤ እሁድ ጠዋት ቅዳሴ ልሂድ ባልኩ ቁጥር "ሱቁን ማን ይክፈት?" የሚል ጭቅጭቅ ይነሳል። ሐዋሳ እሁድ እኛ ሰፈር ገበያው ሞቅ ስለሚል እማዬ አልተሳሳተችም። እኔ ግን ለወራት አኮረፍኩ። አንዴማ "እናንተ እግዜርን ረስታችኋል" ብዬ አባዬን ተናገርኩት (ሳስበው ያሳፍረኛል)።

መፍትሔው አጠገቤ ነበር፤ ጠይቄ ስለማላውቅ ነው። የቁምስናችንን (የአጥቢያችንን) አባ ባማክራቸው፣ በ1983 እ.ኤ.አ. በወጣው የቤተ ክርስቲያን ሕግ ቀኖና 1248 መሠረት የዋዜማው፣ የቅዳሜ ማታ ቅዳሴም የእሁዱን የማስቀደስ ግዴታ እንደሚሞላ ነገሩኝ።

እማዬን፣ "እሁድ ሱቁን በጠዋት እኔ እከፍታለሁ፤ ቅዳሜ ከ11 ሰዓት በኋላ ግን ልቀቂኝ" አልኳት። ዝም ብላ ሽንኩርቷን ከተፈች። ቆይታ "የባጃጁን ከራስህ" አለች።

መቁጠሪያዬን ደግሞ ደንበኛ ሲጠፋ ከባንኮኒው ሥር እደግማለሁ። አንዱን አሥር ዶቃ ሳልጨርስ "ሳሙና አለ?" የሚል ይመጣል፤ አውራ ጣቴን ዶቃው ላይ እንደያዝኩ በሌላው እጄ አቀብላለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ አባዬ ጃንጥላ ይዞ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሸኘኝ። ዝናቡን ብሎ እንደሆነ ነው የሚናገረው።